ፕሮፎንዶ ሮሶ

ፕሮፎንዶ ሮሶ (ትርጉሙ «ጥልቅ ቀይ» ማለት ነው) በዳሪዮ አርጀንቶ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ የካቲት 28 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 1975) በጣልያን ለዕይታ የበቃ የግድያ ምሥጢር ልብ አንጠልጣይ ፊልም ነው። እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው አገሮች «ዲፕ ሬድ» በሚለው ስም ይታወቃል። ጊዜውን ለማነጻጸር ያህል፣ ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው በኢትዮጵያ የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ፊልሙ «ጃሎ» ከሚባሉት የጣልያን የወንጀል ፊልሞች ውስጥ በብዙ ሐያሲያን ዘንድ ከፍተኛውን ቦታ ይይዛል። በታሪኩ ውስጥ ገዳዩን የሚፈልጉት ፖሊሶች ሳይሆኑ የምርመራ ሙያ የሌላቸው ሁለት ሰዎች፣ ማለትም አንድ እንግሊዛዊ የፒያኖ ተጫዋችና አንዲት ጣልያናዊት ጋዜጠኛ ናቸው። ፊልሙን ከሌሎች የሚለየው ግን ደም የበዛበት መሆኑ አይደለም። የምሥጢሩ መፍቻ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለዋናው ገጸ ባሕርይም ለተመልካቹም በግልጽ ይታያል፤ ሁለቱም ግን አይተው አያስተውሉትም።

የ«ጃሎ» ትርጉም

«ጃሎ» በጣልያንኛ «ቢጫ» ማለት ነው። ሞንዳዶሪ የተባለው የሚላኖ ከተማ አሳታሚ ድርጅት ከ1929 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወንጀል ልቦለዶችን በቢጫ ሽፋን ያወጣ ስለነበር፣ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ማንኛውንም የወንጀል ታሪክ «ቢጫ» ማለት ጀመረ። ስለዚህ ለጣልያናዊ አንባቢ የአጋታ ክሪስቲ መጻሕፍትም ጃሎ ናቸው። ከጣልያን ውጭ ግን ቃሉ ጠቦ፣ በተለይ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩትንና ጥቁር የቆዳ ጓንት ያጠለቀ፣ ፊቱ የማይታይ ገዳይ የሚገኝባቸውን የጣልያን ፊልሞች ብቻ ያመለክታል።

የዚህ ዓይነቱ ፊልም ጀማሪ ተደርጎ የሚቆጠረው ማሪዮ ባቫ ነው። በ1963 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው «ከመጠን በላይ ያወቀችው ልጅ» የተሰኘ ፊልም ሮምን ልትጎበኝ መጥታ ግድያ ስላየች የውጭ አገር ሴት ይተርካል። በቀጣዩ ዓመት የሠራው «ስድስት ሴቶች ለገዳዩ» ደግሞ የጓንቱን፣ የጭምብሉንና የደማቅ ቀለሙን ልማድ አስተከለ። ዳሪዮ አርጀንቶ ከዚህ ቀጥሎ የመጣ ትውልድ ነው። በ1940 (እ.ኤ.አ.) ሮም ውስጥ የተወለደ ሲሆን፣ ወደ ሲኒማ የገባው በጋዜጣ ላይ የፊልም ሒስ በመጻፍ ነው። ከሰርጂዮ ሊዮኔና ከቤርናርዶ ቤርቶሉቺ ጋር ሆኖ «በአንድ ወቅት በምዕራቡ ምድር» የተባለውን የታወቀ የካውቦይ ፊልም ታሪክ አውጥቷል።

የመጀመሪያ ፊልሙ «ባለ ክሪስታል ላባዋ ወፍ» (1970 እ.ኤ.አ.) ሮም የሚኖር አሜሪካዊ ደራሲ በሁለት የመስታወት በሮች መካከል ተዘግቶበት ሳለ ፊት ለፊቱ የሚፈጸም ጥቃት ሲመለከት ይጀምራል። «ባለ ዘጠኝ ጅራት ድመት» (1971 እ.ኤ.አ.) በተባለው ሁለተኛ ፊልሙ ደግሞ መርማሪዎቹ አንድ ዓይነ ስውር የቀድሞ ጋዜጠኛና አንድ ወጣት ዘጋቢ ናቸው። ዓይነ ስውሩ መተዳደሪያው የቃላት እንቆቅልሽ ማዘጋጀት ሲሆን፣ ምርመራው የሚጀምረው ማታ በመንገድ ሲያልፍ መኪና ውስጥ የሚደረግ ንግግር ጆሮው ውስጥ ስለገባ ነው። በሁለቱም ፊልሞች አርጀንቶን የሚያሳስበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ምስክር ያየውን ወይም የሰማውን በእርግጥ ያውቀዋል ወይ? በፕሮፎንዶ ሮሶ ይህ ጥያቄ የታሪኩ ዋና መሠረት ሆነ።

በነገራችን ላይ፣ የጃሎ ፊልሞች ከአፍሪካ ቀንድ የራቁ አይደሉም። ፕሮፎንዶ ሮሶ በወጣበት በዚያው ዓመት ኡምቤርቶ ሌንዚ ባርሴሎና ውስጥ ስለሚገደሉ ቱሪስቶች በሠራው ጃሎ ከተወኑት መካከል ኤርትራዊ የዘር ሐረግ ያላት ኢኔስ ፔሌግሪኒ ትገኝበታለች። ኢኔስ ከዚያ በፊት በፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ የ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» ፊልም ላይ ዋና ተዋናይት ነበረች።

ሙያተኛ ያልሆኑ መርማሪዎች

በጃሎ ፊልም ውስጥ ፖሊስ ሁልጊዜ አለ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ወይም የተሳሳተ ሰው ይጠረጥራል። በፕሮፎንዶ ሮሶ ኮሚሽነር ካልካብሪኒ (ተዋናይ ኤሮስ ፓኒ) ሬሳ ወዳለበት ቤት የሚገባው ሳንድዊች እየበላ ሲሆን፣ የምስክሩን ቃል በሚቀበልበት ጊዜም ያሾፋል። ምስክሩ ራሱ ነገሩን ለማጣራት የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ምስክሩ ብዙ ጊዜ የውጭ አገር ሰው መሆኑም የተለመደ ነው፤ አገሩን፣ ቋንቋውንና የሰዉን የኋላ ታሪክ በደንብ ስለማያውቅ ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው መማር አለበት፤ ተመልካቹም አብሮት ይማራል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ የሚታወሰው አውጫጭኝ ነው። ደቡብ ጎንደርን ጨምሮ በጎንደርና በጎጃም አውጫጭኝ፣ በሸዋ አፈርሳታ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት፣ ፈጻሚው ያልታወቀ ግድያ፣ ቃጠሎ ወይም ስርቆት ሲደርስ የአካባቢው ነዋሪ ተጠርቶ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱም በመሐላ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ወንጀለኛው ካልታወቀ ነዋሪው በጋራ ካሳ የሚከፍልበት አሠራርም ነበር። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1969 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ ያሳተመው «አፈርሳታ» የተባለ ልቦለድ በአንድ ጎጆ መቃጠል ምክንያት የሚደረግን እንዲህ ያለ ሸንጎ ይተርካል። በአውጫጭኝም ሆነ በጃሎ መርማሪው ሙያተኛ አይደለም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በአውጫጭኝ መመርመር የአገሬው ሁሉ ግዴታ ነው፣ የሚናገረውም በሸንጎ ፊት ወይም በሽማግሌዎች ጥበቃ ሥር ነው። በጃሎ ግን ምርመራው የአንድ ሰው የግል ጉጉት ነው፤ ምስክሮቹንም የሚጠብቃቸው የለም። በፕሮፎንዶ ሮሶ የዚህ ዋጋ ምን እንደሆነ ይታያል።

ታሪኩ

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች ያለው ክፍል የፊልሙን መጨረሻ ይገልጻል።

የመክፈቻው ጽሑፍ እየታየ ሳለ በመሐል ይቋረጥና አንድ አጭር ትዕይንት ይመጣል። የገና ዛፍ ያለበት ክፍል ነው፤ የልጆች መዝሙር ይሰማል፤ በግድግዳው ላይ አንድ ሰው ሌላውን ሲወጋ ጥላው ይታያል፤ ደም ያለበት ቢላ ወለሉ ላይ ይወድቅና የአንድ ሕፃን እግር ወደ ቢላው ይጠጋል። ከዚያ ጽሑፉ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

ከዓመታት በኋላ በአንድ ቲያትር ቤት በተደረገ ስብሰባ ላይ የሰውን ሐሳብ ማንበብ የምትችለው ሄልጋ ኡልማን (ማሻ ሜሪል) በታዳሚው መካከል የገደለና እንደገና የሚገድል ሰው እንዳለ ተሰምቷት ትጮኻለች። በዚያው ሌሊት በቤቷ ትገደላለች። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹና የሙዚቃ መምህሩ ማርከስ ዴሊ (ዴቪድ ሄሚንግስ) በዚያ ሰዓት ከቤቱ በታች ባለው አደባባይ ሰክሮ ከተቀመጠው ወዳጁ ከካርሎ (ጋብሪዬሌ ላቪያ) ጋር እያወራ ነበር። ሄልጋ በመስኮቱ መስታወት ላይ ስትወድቅ ያይና ሮጦ ይወጣል። ሥዕሎች የተሰቀሉበትን ረጅም ኮሪደር አልፎ ይደርሳል፤ እርሷ ግን ሞታለች።

ፖሊሶች ከመጡ በኋላ ማርከስ አንድ ነገር ይከነክነዋል። ሲገባ በኮሪደሩ ያየው አንድ ሥዕል አሁን የለም ብሎ ያምናል። ለካርሎ ሲነግረው፣ ካርሎ ሰው ያየውን ሲተርክ ሳያውቀው የራሱን ቅጂ እንደሚፈጥርና ሥዕሉም አንድ ትልቅ ነገር ይዞ ሊሆን እንደሚችል ይነግረዋል። ጋዜጠኛዋ ጃና ብሬትሲ (ዳሪያ ኒኮሎዲ) የማርከስን ፎቶ ጋዜጣ ላይ «ገዳዩን ያየ ምስክር» አድርጋ ታወጣዋለች። ይህም ገዳዩ ማርከስን እንዲያውቀው ያደርጋል። ሁለቱ እየተጨቃጨቁም ቢሆን አብረው መመርመር ይጀምራሉ።

ገዳዩ ከመግደሉ በፊት የሚያሰማው የልጆች መዝሙር ስለ አንድ የተወረሰ ቪላ ወደሚተርክ መጽሐፍ ይመራቸዋል። ማርከስ የመጽሐፉን ደራሲ አማንዳ ሪጌቲን ለማነጋገር ይሄዳል፤ ሲደርስ ግን በመታጠቢያ ገንዳ የፈላ ውኃ ውስጥ ተደፍቃ ሞታ ያገኛታል። ከመሞቷ በፊት በእንፋሎት በተሸፈነው ግድግዳ ላይ በጣቷ ጽፋ ነበር። ይህን የሚደርስበት ፕሮፌሰር ጆርዳኒ (ግላውኮ ማውሪ) ነው፤ እርሱም ለማንም ሳይናገር በቢሮው ይገደላል። ከገዳዩ በፊት ወደ ክፍሉ እየሳቀ የሚገባው በመካኒክ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት በፊልሙ ውስጥ ከማይረሱት ትዕይንቶች አንዱ ነው።

ማርከስ ቪላውን የሚያገኘው በመጽሐፉ ፎቶ ላይ በሚታየው ያልተለመደ ተክል ነው፤ ችግኝ ሻጮችን እየዞረ ተክሉ ለማን እንደተሸጠ ይጠይቃል። በባዶው ቤት ውስጥ የግድግዳውን ልስን ሲፍቅ የሕፃን ሥዕል ይወጣል፦ የቆሰለ ሰው፣ ቢላ የያዘ ልጅና የገና ዛፍ። በኋላም በግንብ የተደፈነ ክፍል ሰብሮ ይገባና የደረቀ አስከሬን ያገኛል፤ ወዲያው ግን ከኋላው ይመታል። ሲነቃ ጃና አውጥታዋለች፣ ቤቱም እየነደደ ነው። የቪላው ጠባቂ ልጅ ኦልጋ (ኒኮሌታ ኤልሚ) ተመሳሳይ ሥዕል ስላላት ሲጠይቋት ከትምህርት ቤቷ ማኅደር እንደቀዳችው ትናገራለች። ሌሊቱን ትምህርት ቤት ገብተው ሲፈልጉ ጃና በቢላ ትወጋለች። ማርከስ በሥዕሉ ላይ ያለውን ስም ያነባል፦ ካርሎ። ካርሎ ሽጉጥ ይዞ ይመጣል፤ ፖሊስ ሲደርስ ይሸሽና በቆሻሻ መኪና ተጎትቶ ይሞታል።

ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ጃና ቆስላ ትተርፋለች፤ ማርከስም ወደ ቤቱ ሲሄድ በአደባባዩ በኩል ያልፍና ቆም ይላል። ሄልጋ ስትገደል ካርሎ እዚሁ አደባባይ ላይ ከእርሱ ጋር ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ካርሎ ሊሆን አይችልም። ወደ ሄልጋ ቤት ተመልሶ በኮሪደሩ ሲራመድ ጠፋ ያለው ሥዕል ከመጀመሪያውም ሥዕል እንዳልነበረ ያያል። መስታወት ነው። ያን ሌሊት በመስታወቱ ውስጥ ያየው ከሥዕሎቹ ጋር ተደባልቃ የቆመችውን የገዳይዋን ፊት ነበር፤ እርሷም የካርሎ እናት ማርታ (ክላራ ካላማይ) ናት። ማርታ ባሏ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሊመልሳት ሲል በገና ዕለት በልጇ ፊት ገድላዋለች። ካርሎ ዕድሜውን ሁሉ የደበቀው የእናቱን ወንጀል ነው። ማርታ በመጥረቢያ ታሳድደዋለች፤ የአንገት ሐብሏ በአሳንሰሩ ሲያዝ ትሞታለች። የፊልሙ የመጨረሻ ምስል በደም ኩሬ ውስጥ የሚታየው የማርከስ ፊት ነው።

የምስክሩ ዓይን

የመስታወቱ ነገር ተንኮል ብቻ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ይህን ያህል አይወራለትም ነበር። አርጀንቶ ግን አልዋሸም። ማርከስ በመጀመሪያ በኮሪደሩ ሲያልፍ ካሜራው አብሮት ያልፋል፣ የክላራ ካላማይም ፊት ለአፍታ በእርግጥ ይታያል። ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው ፊቷን ያገኘዋል። በመጀመሪያው ጊዜ ግን አእምሮ «ይህ ግድግዳ ላይ ሥዕል አለ» ብሎ አስቀድሞ ስለወሰነ፣ ዓይን ያየውን ፊት እንደ ሥዕል ይመዘግበዋል። ምስክር ሊዋሽ ሳያስብ ሊሳሳት እንደሚችል በፍርድ ቤትም በሥነ ልቦና ትምህርትም የታወቀ ነገር ነው፤ ፊልሙ ግን ይህን ለተመልካቹ አይነግረውም፣ በራሱ በተመልካቹ ላይ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የማርከስ ተጠያቂነት ነው። አማንዳ የተገደለችው ማርከስ ሊያነጋግራት መንገድ ላይ ሳለ ነው፤ ጆርዳኒም የሞተው ማርከስን ስለረዳ ነው። ማርከስ ወደ እያንዳንዱ ምስክር ሲያመራ ገዳይዋ ትቀድመዋለች። ብዙ የወንጀል ታሪኮች የግል መርማሪውን እንደ ጀግና ሲያቀርቡት፣ እዚህ ግን ጉጉቱ ሰው እያስገደለ ይሄዳል። ማርከስ ይህን ያውቃል፣ አያቆምም።

የማርከስና የጃና ግንኙነት ግን አስቂኝ ነው። ማርከስ ሴቶች ደካማ ናቸው ብሎ ሲከራከር ጃና የክንድ ትግል ትጋብዘዋለች፣ ታሸንፈዋለችም። በሚበላሸው ትንሽ ፊያት መኪናዋ ውስጥ የማርከስ መቀመጫ ስለሚሰምጥ ከእርሷ በታች ሆኖ ይጓዛል። በቆራጥነት የሚመራው ማን እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል።

አሠራሩ

የፊልሙን ጽሑፍ አርጀንቶ የጻፈው ከፌዴሪኮ ፌሊኒ ጋር ይሠራ ከነበረው ከቤርናርዲኖ ዛፖኒ ጋር ነው። ፕሮዲውሰሩ የዳይሬክተሩ አባት ሳልቫቶሬ አርጀንቶ፣ የካሜራ ባለሙያው ሉዊጂ ኩቬይለር፣ ኤዲተሩ ፍራንኮ ፍራቲቼሊ ነበሩ። የጥቁር ጓንቱ እጆች የአርጀንቶ የራሱ ናቸው።

ታሪኩ የሚካሄደው ሮም ውስጥ ቢሆንም አብዛኛው የተቀረጸው የፊያት ፋብሪካ ባለበት በቱሪን ከተማ ነው። ማርከስና ካርሎ የሚያወሩበት አደባባይ በቱሪን መሐል የሚገኘው ፒያሳ ቼ ኤሌ ኤኔ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ በፋሺስቱ ዘመን የተሠራ ነው። ሁለቱ የውኃ ምንጭ ሐውልቶች የከተማዋን ወንዞች ፖንና ዶራን ይወክላሉ። በአደባባዩ ዳር የሚታየው ቡና ቤት ለፊልሙ የተሠራ ሲሆን፣ ኤድዋርድ ሆፐር በ1942 (እ.ኤ.አ.) የሳለውን የታወቀ የሌሊት ቡና ቤት ሥዕል እንዲመስል ተደርጓል። የተወረሰው ቪላ በአርክቴክት ፒዬትሮ ፌኖሊዮ የተነደፈው ቪላ ስኮት ነው፤ ፊልሙ ሲቀረጽ መነኮሳት የሚያስተዳድሩት የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር።

የተዋናዮቹ ምርጫ የራሱ ትርጉም አለው። ዴቪድ ሄሚንግስ በሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ «ብሎው አፕ» (1966 እ.ኤ.አ.) ፊልም ላይ ባነሣው ፎቶ ውስጥ ግድያ ያየ የሚመስለውን ፎቶ አንሺ ሆኖ ተውኗል። ክላራ ካላማይ ደግሞ በሉኪኖ ቪስኮንቲ «ኦሴሲዮኔ» (1943 እ.ኤ.አ.) የታወቀች የቀድሞ ኮከብ ነበረች። በፊልሙ ማርታ ድሮ ተዋናይት የነበረች ሴት ናት፤ በቤቷ ግድግዳ ላይ የሚታዩት ፎቶዎችም የካላማይ የራሷ የወጣትነት ፎቶዎች ናቸው። ዳሪያ ኒኮሎዲ ከዚህ ፊልም በኋላም ከአርጀንቶ ጋር ሠርታለች፤ የ«ሱስፒሪያ»ን (1977 እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ አብራው ጽፋለች። ልጃቸው ኤዥያ አርጀንቶም ተዋናይትና ዳይሬክተር ሆናለች።

ሙዚቃው

የማጀቢያ ሙዚቃውን መጀመሪያ የያዘው የጃዝ ሙዚቀኛው ጆርጆ ጋስሊኒ ነበር። ገዳይዋ የምታሰማው የልጆች መዝሙር የእርሱ ነው። አርጀንቶ ጠንከር ያለ ነገር ስለፈለገ ወጣት የሮክ ሙዚቀኞችን አመጣ፤ እነርሱም ለዚህ ሥራ «ጎብሊን» የሚለውን ስም ያዙ። ኪቦርድ የሚጫወተው ክላውዲዮ ሲሞኔቲ፣ ባስ የሚጫወተው ፋቢዮ ፒኛቴሊ፣ ጊታር የሚጫወተው ማሲሞ ሞራንቴና ከበሮ የሚመታው ዋልተር ማርቲኖ ነበሩ። የሸክላው ሽያጭ በጣልያን የመጀመሪያውን ደረጃ ያዘ። ሙዚቃው ግድያ ሊመጣ መሆኑን በፀጥታ ሳይሆን በጩኸት ያስታውቃል፤ ይህም በኋላ በብዙ አስፈሪ ፊልሞች ተቀድቷል።

የፊልሙ ልዩ ልዩ ቅጂዎች

የጣልያንኛው ቅጂ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለውጭ አገር ገበያ የተዘጋጀው ቅጂ ግን ከሃያ ደቂቃ በላይ ተቆርጦለታል። የተቆረጠው በዋናነት የማርከስና የጃና አስቂኝ ንግግር ስለሆነ፣ ያን ቅጂ ብቻ ያየ ሰው ጃናን በደንብ አያውቃትም። የተቆረጡት ትዕይንቶች በእንግሊዝኛ ድምፅ ስላልተቀረጸላቸው፣ ኋላ ላይ በወጡት ሙሉ የእንግሊዝኛ ቅጂዎች ተዋናዮቹ በንግግር መሐል ድንገት ወደ ጣልያንኛ ይለወጣሉ። በአሜሪካ «የመጥረቢያ ግድያዎች» በሚል ስምም ታይቷል። በጃፓን ደግሞ «ሱስፒሪያ» ቀድሞ ገብቶ ስለተወደደ፣ ሁለት ዓመት የሚቀድመው ፕሮፎንዶ ሮሶ «ሱስፒሪያ 2» ተብሎ ተሸጠ፤ ሁለቱ ግን በታሪክ አይገናኙም።

አርጀንቶ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከዳይሬክተር ሉዊጂ ኮትሲ ጋር በሮም የከፈተው የፊልም ቁሳቁስና መጻሕፍት መሸጫ ስሙ «ፕሮፎንዶ ሮሶ» ነው። ከሥሩ ባለው ምድር ቤት የፊልሞቹ ዕቃዎች የሚታዩበት ትንሽ ሙዚየም አለው።